ሳይቃጠል በቅጠል፤ ከግሼ ማኅደር እስከ ሐርድ ዲስክ

«ግሼ» ሲባል የብዙ ከተሜ ሐሳብ ወደ ወሎ ይሄድና ግሸን ማርያም ላይ ያርፋል። እኔ የማነሣው ግን ሌላውን፣ በሰሜን ሸዋ ጫፍ ከደቡብ ወሎ ጋር የሚዋሰነውን ግሼን ነው። ቀድሞ መንዝና ግሼ አውራጃ ይባል በነበረው አገር ውስጥ ያለ፣ ዛሬ ግሼ ራቤል ተብሎ ራቤልን በዋና ከተማነት የያዘ ወረዳ ነው። ገብስ፣ በግና ብርድ የማይታጡበት ደጋ ነው። ከዚህ ደጋ ተነሥቼ ስለ ሐርድ ዲስክ መሞትና ሞቱን አስቀድሞ ስለሚተነብይ ዕውቀት ልጽፍ ነው። ራቤልን ከኮምፒዩተር ምን አገናኘው የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ጉዳዩ የማስቀመጫ ጉዳይ ነውና፣ ስለ ማስቀመጥ ከግሼና ከመንዝ ሰው በላይ የሚያውቅ ብዙ አይገኝም።

በዚያ አገር ገጠር ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት የገባ ሰው መጻሕፍቱ መሬት ላይ ተከምረው አያገኝም። እያንዳንዱ በቆዳ ማኅደሩ ውስጥ ሆኖ ከግድግዳ ችካል ላይ ተንጠልጥሏል። ይህ ለውበት የተደረገ አይደለም። ከመሬት የራቀ አይጥ አያገኘውም፤ ከግድግዳው ትንሽ የተለየ ርጥበት አይጠባውም፤ በማኅደር የተዘጋ አቧራና ጢስ ይቀንስለታል። ቄሰ ገበዙ ክረምት ሲወጣ ጣሪያው የት እንዳፈሰሰ ያያል፣ ብል የገባበትን ፀሐይ ያስመታል፣ ስፌቱ የላላውን ለጠራዥ ይሰጣል። አንድ ድጓ ወይም አንድ ግብረ ሕማማት ከአገልግሎት ብዛት ጠርዙ አልቆ ፊደሉ ሊጠፋ መሆኑ ሲታወቅ ደግሞ ቁም ጸሐፊ ተፈልጎ ይገለበጣል። ልብ በሉ፤ የሚገለበጠው መጽሐፉ ከጠፋ በኋላ አይደለም፤ ሊጠፋ መሆኑ ሲታወቅ ነው። ዛሬ የኮምፒዩተር ሊቃውንት በብዙ ወጪ የሚደክሙበት ነገር ይኸው ነው። የእኛ ሰው ደግሞ በሦስት ቃል ሳይቃጠል በቅጠል ብሎ ጨርሶታል ለማለት ይቃጣኛል፤ ሁለቱ ቃል ብቻ እንደሆነ የሚቆጥር ቢኖር ደግሞ እውነት አለው፤ ዕውቀቱ ከቃሉ ይበዛል ለማለት ፈልጌ ነው።

በብራናው ላይ የሰፈረው ጸሎት ብቻ እንዳልሆነ መዘንጋት አይገባም። በብዙ ደብር ወንጌሉ የዕቃ መዝገብም የመሬት መዝገብም ነበር። ጉልቱ የማን እንደሆነ፣ የትኛው ጽዋና የትኛው መስቀል በማን እንደተሰጠ በወንጌሉ ባዶ ገጾች ላይ ይጻፍ ነበር። ወንጌል የሚክድ የለምና መዝገቡም በወንጌል ውስጥ ተጠለለ። እንግዲህ አንድ መጽሐፍ ሲጠፋ የሚጠፋው ቅዳሴው ብቻ አይደለም፤ ርስትም አብሮ ይጠፋል።

ሁሉን በአንድ ቦታ መሰብሰብ የሚያመጣውን አደጋም ታሪካችን ያውቀዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሊያሠሩት ላሰቡት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ መጻሕፍት፣ አብዛኞቹን ከጎንደር፣ ሰብስበው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1868 ዓ.ም. አምባው ሲወድቅ ከእነዚህ 350 ያህሉ ወደ ሎንዶን፣ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ሄዱ። በየደብሩ ተበትነው ቢሆን ኖሮ አንድ ጦር በአንድ ቀን ሊያፍሳቸው ባልቻለ ነበር።

የተገላቢጦሹን፣ ማለትም ቅጂን አባዝቶ የማራራቅን ሥራ፣ በዘመናችን በሰፊው ያየነው ከእ.ኤ.አ. 1973 ጀምሮ ነው። በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ «ኢ.ኤም.ኤም.ኤል.» የሚባለው የኢትዮጵያ ጽሑፎች ማይክሮፊልም ድርጅት በቤተ ክርስቲያኒቱ፣ በአሜሪካው ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲና በሚኔሶታ በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ትብብር ተቋቋመ። እስከ እ.ኤ.አ. 1994 ድረስ፣ አብዮትና ጦርነት እየተፈራረቁበት፣ ከ9,000 የሚበልጡ የብራና መጻሕፍት በፊልም ተነሡ። ከፍተኛው ድርሻ ከአዲስ አበባና ከሸዋ፣ መንዝን ጨምሮ፣ የተገኘ ነው። መጻሕፍቱ ወደ ደብራቸው ተመለሱ፤ አንዱ የፊልም ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፤ ሌላው ኮሌጅቪል በምትባል የሚኔሶታ ከተማ ተቀመጠ። የሐይቅ እስጢፋኖሱ ወንጌል፣ በኢየሱስ ሞዐ ዘመን በ13ኛው መቶ ዓመት የተጻፈው፣ በዚህ ስብስብ ውስጥ ቁጥር 1832 ነው።

እነዚያን ፊልሞች አንብቦ ምን እንደያዙ ለዓለም የነገረው ዋናው ሰው የሰሜን ሸዋ ልጅ ነበሩ፤ የሸንኮራው ተወላጅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ። በ1968 ዓ.ም. ወታደሮች ቤታቸው መጥተው በጥይት ካቆሰሏቸው በኋላ እግራቸው አልታዘዝ ብሎ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ቀሩ። ለሕክምና ከአገር ወጥተው ሚኔሶታ ገቡ። በሕይወት የቀሩበትን ዘመን በማይክሮፊልም ማንበቢያ ፊት አሳለፉት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዊልያም ማኮምበር የጀመሩት ካታሎግ በእሳቸው እጅ ቀጥሎ 10 ቅጽ ሞላ፤ የመጀመሪያዎቹን 5,000 መጻሕፍት ይሸፍናል። እ.ኤ.አ. በ1988 የማክአርተር ሽልማት ተሰጣቸው። በሰኔ 2013 ዓ.ም. ዐረፉ። አንድ ሰው ከሸንኮራ ተሰዶ በሚኔሶታ በረዶ መካከል የመንዝን ዕቃ ቤት ሲያገላብጥ መኖሩን ሳስብ፣ ቅጂ ማራራቅ ምን ያህል ሩቅ እንደሚያደርስ ይገርመኛል።

ፊልምም ግን ይታመማል። በአሲቴት ላይ የተሠራ ፊልም ሙቀትና ርጥበት ሲያገኘው ይበሰብስና ሆምጣጤ ሆምጣጤ ይሸታል። የሚወጣው አሲድ ራሱ መበስበሱን ያፋጥነዋል፤ አጠገቡ ያለውንም ፊልም ይበክላል። ለዚህ በአሜሪካ ሮቼስተር ያለ የምስል ጥበቃ ተቋም አንዲት ብልሃት አወጣ። ሰማያዊ ቀለም የተነከረች ቁራጭ ወረቀት ከፊልሙ ጋር በጣሳው ውስጥ ትዘጋለች። አሲድ ካለ ወረቀቷ ወደ አረንጓዴ፣ ከዚያ ወደ ቢጫ ትለወጣለች። ሰው በአፍንጫው ከማሽተቱ በፊት ወረቀቷ ታውቃለች። እንደ እኔ ግምት በማኅደረ ጽሑፍ ዓለም ከተፈጠሩት መሣሪያዎች ሁሉ ይህን ያህል ቀላልና ቅን የሆነ የለም።

አሁን ወደ ሐርድ ዲስክ ልምጣ። አይ.ቢ.ኤም. እ.ኤ.አ. በ1956 የመጀመሪያውን ለገበያ ሲያወጣ፣ እያንዳንዳቸው 61 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው 50 ሰሐኖች የተደረደሩበት፣ ክብደቱ አንድ ቶን ገደማ የሚሆን ቁም ሣጥን ነበር። የሚይዘው 5 ሚሊዮን ያህል ፊደል ነው። ዛሬ በኪስ የሚያዘው ዲስክ ከዚያ በመቶ ሺዎች እጅ የሚበልጥ ይይዛል። አሠራሩ ግን በመሠረቱ ያው ነው። ሰሐኑ ይሽከረከራል፤ አንባቢው ጭንቅላት ከላዩ ይንሳፈፋል፤ ሰሐኑን አይነካም። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከሰው ጠጉር ውፍረት በሺዎች እጅ ያንሳል። ጭንቅላቱ ሰሐኑን የነካ ቀን ነገር አበቃ።

ዲስኩ ሲታመም ራሱ እንዲናገር ለማድረግ የታሰበው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። አይ.ቢ.ኤም. በ1992፣ ከዚያም ኮምፓክ ከዲስክ ሠሪዎች ጋር ሆኖ በ1995 ያወጡት ዘዴ ተዋሕዶ «ስማርት» የሚባል የጋራ ደንብ ሆነ። ዲስኩ የራሱን ሕመም በቁጥር ይመዘግባል። ከሁሉ የሚጠቅመው ቁጥር ይህ ነው፤ በሰሐኑ ላይ አንዲት ቦታ ስትበላሽ ዲስኩ በዚያ የነበረውን ጽሑፍ ለመጠባበቂያ ወደተተወች ሌላ ቦታ ያዛውርና አንድ ብሎ ይቆጥራል። ተጠቃሚው ምንም አያይም። ቁጥሩ ሲያድግ ግን በውስጥ በኩል የሚበላ ነገር አለ ማለት ነው። እንደ ብል ነው፤ ላይኛው ገጽ ደኅና መስሎ ውስጡ ይቦረቦራል።

ዲስክ ሠሪዎች ለእያንዳንዱ ቁጥር ጣሪያ አበጁለት፤ ያን ካለፈ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ነገር ግን ያለምክንያት ያስጠነቀቀ ዲስክ ወደ ሠሪው ስለሚመለስና ኪሳራ ስለሚሆን ጣሪያውን እጅግ ከፍ አድርገው ሰቀሉት። ውጤቱም ከሚሞቱት ዲስኮች መካከል ከ3 እስከ 10 ከመቶ የሚሆኑትን ብቻ አስቀድሞ መናገር ሆነ። ለነጋዴው የተመቸ፣ ለባለመረጃው የማይረባ ጣሪያ ነበር።

ማሽን ለርኒንግ የሚባለው ዕውቀት የገባው እዚህ ላይ ነው። ሰው ጣሪያ ከሚያበጅ፣ የሞቱትም ያልሞቱትም ዲስኮች የኖሩበት የቁጥር ታሪክ ለኮምፒዩተሩ ይሰጠውና ልዩነቱን ራሱ ይፈልግ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2001 በካሊፎርኒያ ግሬግ ሐመርሊና ቻርልስ ኤልካን የተባሉ ተመራማሪዎች ኳንተም ከተባለ ኩባንያ ባገኙት የ1,936 ዲስኮች መረጃ ይህን ሞከሩ። ከእነዚያ ውስጥ የተበላሹት 9 ብቻ ነበሩ። የነገሩ ሁሉ ጭንቅ በዚህች ዘጠኝ ውስጥ አለ። «አንዱም አይሞትም» ብሎ ዐይኑን ጨፍኖ የሚመልስ ሞኝ መሣሪያ ከመቶው በ99ኙ ይበልጥ ልክ ይሆናል፤ ጥቅሙ ግን ባዶ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ልግለጠው። አንድ ድርጅት 10,000 ዲስኮች አሉት እንበል፤ በዓመት 150ው ይሞታሉ። ተንባዩ ከሚሞቱት ግማሹን ያውቃል፤ ከጤነኞቹ ደግሞ ከመቶ አንዱን በስሕተት ይወነጅላል። እንግዲህ 75 እውነተኛ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ከ9,850ው ጤነኛ ደግሞ 98 ያህሉን ያለ ኃጢአታቸው ሟች ይላቸዋል። ማስጠንቀቂያ ከሰጠባቸው ውስጥ የሚበዙት ጤነኞች ናቸው ማለት ነው። 75ቱ ሟቾች ደግሞ ድምፅ ሳያሰሙ ያልፋሉ።

ትልቁ የመረጃ ምንጭ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የጉግል ሰዎች ከ100,000 በላይ ዲስኮችን ተከታትለው ያገኙትን አሳተሙ። አንድ ዲስክ በገጹ ላይ የመጀመሪያዋን የንባብ ስሕተት ካሳየ በኋላ በ60 ቀን ውስጥ የመሞቱ ዕድል፣ ስሕተት ካላሳየው በ39 እጅ እንደሚበልጥ ታየ። በሌላ በኩል ከሞቱት መካከል ከግማሽ በላዩ በዋና ዋናዎቹ ምልክቶች ምንም ሳያሳዩ ነበር የሞቱት። በዚያው ዓመት የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዲስኮች በሠሪዎቻቸው ወረቀት ላይ ከተጻፈው በብዙ እጅ ቶሎ እንደሚሞቱ አሳዩ። ባክብሌዝ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከ2013 ጀምሮ የመዘገበውን የያንዳንዱን ዲስኩን የየዕለት ቁጥር ለማንም በነፃ ማውጣት ያዘ፤ ዛሬ በዓለም ያለ ብዙ የዲስክ ተንባይ የተማረው ከዚህ መዝገብ ነው። ኩባንያው በ2016 እንዳስታወቀው ከሞቱት ዲስኮቹ 76.7 ከመቶ የሚሆኑት ከአምስት የተመረጡ ምልክቶች ቢያንስ አንዱን አሳይተዋል። የቀሩት 23 ከመቶ ያህሉ እንደ ጤነኛ ውለው እንደ ጤነኛ አድረው ሞቱ።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት አንድ ነገር ስለገጠመኝ ነው። የራቤል ተወላጅ የሆነ ወዳጄ በአገሩ ያሉ ሽማግሌዎችን፣ የዘር ሐረግ የሚቆጥሩትን፣ የጥንቱን የአገር ወሰንና ሹመት የሚያውቁትን፣ ለአራት ዓመት በድምፅ ሲቀዳ ቆይቶ በአንዲት ውጫዊ ዲስክ ላይ አስቀመጠው። የአንዳንድ የብራና መጻሕፍት ፎቶግራፍም ነበረበት። አንድ ቀን ዲስኩ ቀጭ ቀጭ እያለ ሊከፈትለት እንቢ አለ። አዲስ አበባ አምጥቶ ለአንድ ጠጋኝ ሰጠው፤ ጠጋኙ ጭንቅላቱ ሰሐኑን እንደፋቀው ነገረውና ገንዘብ እንኳ ሳይቀበል መለሰለት። ፎቶግራፉ እንደገና ይነሣል፤ ብራናው ችካሉ ላይ አለ። ከሽማግሌዎቹ ግን ሦስቱ በመካከሉ አርፈው ነበር።

ወዳጄ የጠየቀኝ «አስቀድሞ ማወቅ ይቻል ነበር ወይ?» ብሎ ነው። መልሱ በከፊል አዎን ነው። ስማርትን የሚያነቡ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ፤ ቁጥሩን ማየት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ነገር ግን ተንባዮቹ የተማሩት ከየት እንደሆነ ስናስብ ነገሩ ይወሳሰባል። የተማሩት ከሳክራሜንቶና ከፊኒክስ ነው፤ መብራት ከማይጠፋበት፣ አየሩ ከሚጣራበት፣ ዲስክ ከመደርደሪያው ከማይነቃነቅበት አዳራሽ። የራቤሉ ዲስክ በአህያ ሳይቀር ይጓዛል፤ መብራት በድንገት ይሄድበታል፤ አቧራና ጢስ ይጠጣል። ይህን ዓይነት ኑሮ የኖረ ዲስክ በመዝገቡ ውስጥ የለም። ቆላ ብቻ ያከመ ሐኪም የደጋን ሳንባ በሽታ እንደሚመረምር ማለት ነው።

ደግሞ ከፍታው አለ። የአብዛኛውን ሐርድ ዲስክ መግለጫ ወረቀት ያነበበ ሰው አንዲት መስመር ያገኛል፤ ዲስኩ መሥራት ያለበት ከባሕር ወለል በላይ እስከ 3,048 ሜትር ነው ይላል። ይህም 10,000 ጫማ ማለት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጭንቅላቱ የሚንሳፈፈው በአየር ትራስ ላይ ነው፤ ወደ ላይ ሲወጣ አየሩ ይሳሳል፤ በ3,000 ሜትር ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ትራሱ ሲሳሳ ጭንቅላቱ ወደ ሰሐኑ ይቀርባል። የመንዝ ጓሳ ከ3,200 ሜትር ይጀምራል። እንግዲህ በዚህ ደጋ ብዙ ቦታ ላይ ዲስክ የሚሠራው ሠሪው «ከዚህ በላይ አልዋስም» ካለበት መስመር ላይ ወይም ከዚያ አልፎ ነው። ዲስኩ ወዲያው ይሞታል ማለት አይደለም፤ ብዙዎች ይሠራሉ። ከአውራ ባሕር ዳር ተንባይ የመጣ ተስፋ ግን እዚያ ላይ አይጸናም። ብርዱን በተመለከተ ደግሞ የጉግል ጥናት ያልተጠበቀ ነገር ተናግሯል፤ በመጠኑ የሞቀ ዲስክ ከቀዝቃዛው ይልቅ ያነሰ ሲበላሽ ታይቷል። የማይሽከረከረው፣ ጭንቅላት የሌለው አዲሱ ዓይነት ማስቀመጫ ከፍታ አያስፈራውም፤ ነገር ግን እሱም ያለ ኤሌክትሪክ ለብዙ ጊዜ ቢተው የያዘውን ይረሳል። ስለዚህ መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ ለልጅ ልጅ የሚያወርሱት ዕቃ አይደለም።

በኢንተርኔት ላይ ማስቀመጥስ? ለከተሜ መልካም ነው። ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር የምናውቀው ነው። በዚያን ጊዜ ቅጂው በሰማይ ቢኖርም መሰላሉ ተነሥቶ ነበር። ከዚያ በፊት በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ሰሜን ሸዋ ሲዘልቅ ደግሞ ብዙ ሰው በእጁ የያዘውን ብቻ ይዞ ነው የወጣው።

ሌላም ሞት አለ፤ ዲስኩ ጤነኛ ሆኖ ጽሑፉ የሚሞትበት። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የፊደላት ደንብ፣ በዩኒኮድ፣ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም ወዲህ ለብዙ ዓመታት፣ በአገራችን በየፕሮግራሙ ፊደሉ የየራሱ ቁጥር ነበረው፤ የአንዱ «ሀ» ለሌላው የላቲን ምልክት ነው። በዚያ ዘመን የተየበው ልቦለድ፣ ቃለ ጉባኤና መጽሔት በፍሎፒ ዲስክ ላይ ሳይበላሽ ቢገኝ እንኳ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ሊሆን ይችላል። ይህን ስማርት አያየውም፤ ማሽን ለርኒንግም አይተነብየውም፤ ምክንያቱም በዲስኩ በኩል የተበላሸ ነገር የለም። በአንጻሩ የአባ ገሪማን ወንጌል ተመልከቱ። በራዲዮካርቦን ምርመራ ዕድሜው ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው ተብሏል። ግዕዝ የተማረ ሰው ዛሬም ገልጦ ያነበዋል፤ ምንም ፕሮግራም አያስፈልገውም።

ወዳጄ ከዚያ ወዲህ መቅዳቱን አልተወም። አሁን ሦስት ቅጂ ያደርጋል፤ አንዱ ራቤል፣ አንዱ ደብረ ብርሃን እኅቱ ቤት፣ አንዱ አዲስ አበባ እኔ ዘንድ። በየሦስት ወሩ ቁጥሮቹን አይቶ በስልክ ይነግረኛል፤ እኔም የኔን አይቼ እነግረዋለሁ። ባለፈው የደብረ ብርሃኑ ዲስክ ካዛወራቸው ቦታዎች ቁጥር ላይ 8 ተጽፎ አገኘን። ተንባዩ ምን እንደሚል አልጠየቅነውም፤ በዚያው ሳምንት ሌላ ተገዝቶ ተገለበጠ። ስምንት ያለበት ዲስክ እስካሁን ይሠራል፤ የእኅቱ ልጆች ፊልም ያዩበታል።